ብርዱን ቆሞ ያሳለፈ አርቪ፦ ውሃው እምቢ ሲል ከየት ይጀመራል?

እንደምን ዋላችሁ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! እንኳን የሚኒሶታን ብርድ በሰላም አሻገራችሁ። ከበሩ አጠገብ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ወንበር አለ። ኋላ ላይ የማሳያችሁ ዕቃ ከአውራ ጣቴ ስለማይበልጥ ከዚያ ሆኖ አይታይም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አርቪ፣ ማለት መኝታውም ወጥ ቤቱም ውስጡ ያለ ተሽከርካሪ፣ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ። ባለፈው ጥቅምት ውሃውን አስወጥታችሁ፣ ሮዙን አንቲፍሪዝ፣ ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ የሚገባውን ፈሳሽ፣ አስገብታችሁ ያቆማችሁትስ? ጥሩ። አሁን ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፦ ያኔ የትኛውን ቫልቭ ዘግታችሁ የትኛውን እንደከፈታችሁ የምታስታውሱ? አያችሁ፣ እጁ ሁሉ ወረደ!

የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ብርዱ ካለፈ በኋላ «ተበላሸ» ተብሎ ዕቃ የሚገዛለት አርቪ አብዛኛው አልተበላሸም። ለብርዱ የተዘጋው እንደተዘጋ፣ የተከፈተው እንደተከፈተ ቀርቶ ነው። ፓምፕ አትግዙ። ቦይለር አትቀይሩ። መጀመሪያ ቫልቮቹን እዩ። ይህን ቃል ዛሬ ደጋግሜ እስኪሰለቻችሁ ስለምለው ከአሁኑ ልመዱት።

አካሄዴን ላስታውቃችሁ። አንደኛ፣ ውሃ ከመሙላታችን በፊት የሚታየውን እናያለን። ሁለተኛ ፓምፑ ነው፣ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሦስተኛ፣ የሚያፈስበትን ቦታ ማግኘት። አራተኛ ቦይለሩ። በመጨረሻ ታንኩንና ቧንቧዎቹን የምናጸዳበት በረኪና።

አንደኛው። ውሃ ወደ አርቪ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ የራሱ ታንክ ነው። አገር ቤት ሮቶ የምንለው ዓይነት፣ ግን ከአልጋ ወይም ከወለል ሥር የተኛ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ጋሎን የሚይዝ። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከዚያ እየሳበ ወደ ቧንቧዎቹ ይገፋል። ሁለተኛው በር አርቪው ባረፈበት ካምፕ ውስጥ ካለው የውሃ መስመር በጎማ በቀጥታ የሚገባው ነው። ሁለቱ ከውስጥ ይገናኙና አንድ መስመር ይሆናሉ። ያ መስመር ቀዝቃዛውን ይሰጣል፣ ቅርንጫፉ ደግሞ በቦይለሩ አልፎ ሙቁን ያመጣል።

ይህን ሥዕል ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ውሃው እምቢ ሲል ራሳችሁን «በየትኛው በር?» ብላችሁ ጠይቁ። በጎማው እየመጣ በፓምፑ አልመጣ ካለ ችግሩ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ ስለሆነ ሌላውን አትነካኩ። በፓምፑ እየመጣ በጎማው ከደከመ የጎማው መግቢያ ላይ ያለችውን ወንፊትና የግፊት መቀነሻውን እዩ። በሁለቱም በር ቀዝቃዛው እየመጣ ሙቁ ከቀረ ወደ ቦይለሩ ሂዱ። አንድ ቧንቧ ብቻ ከደከመስ? የእሱን አፍ ፍቱትና ወንፊቱን እጠቡ፣ ነጭ የኖራ ቅርፊት ታገኙበታላችሁ።

ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት በቀን ብርሃን ዙሩት። ከሥሩ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ተንጠልጥለዋል፣ የሙቁና የቀዝቃዛው ማፍሰሻ ናቸው። ክዳናቸው አለ? የታንኩ ማፍሰሻስ ተዘግቷል? የቦይለሩ ቡሽ ተመልሶ ተጠምዟል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ነው? የማጣሪያው ጎጆ፣ የውሃ ማጣሪያው የሚቀመጥበት ዕቃ፣ ጠብቋል? ከውጭ ያለው ሻወር ሁለቱም ቧንቧዎቹ ተዘግተዋል? ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ ቦይለሩ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ከውሃ በፊት በአየር ይፈትን። በጎማው መግቢያ ላይ የሚገጠመው መጋጠሚያ ርካሽ ነው። ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ስጡት፣ ከዚያ አትለፉ። ሬዲዮውን አጥፉ፣ ልጆቹን ውጭ አድርጉ፣ ከዚያ አዳምጡ። የተሰነጠቀ ነገር ካለ ያፏጫል። የተጠራጠራችሁበት ላይ በሳሙና ውሃ የራሰ ብሩሽ አስነኩት፣ አረፋ ይነፋል። አየር አምልጦ ወለል አያበሰብስም፣ ውሃ ግን ያበሰብሳል።

ሁለተኛው ፓምፑ። ሦስት ዓይነት ጸባይ ያሳያል፦ ጭራሽ አልነሳ ይላል፣ ተነስቶ ይጮኻል ውሃ ግን አያመጣም፣ ወይም ሁሉ ተዘግቶ ሳለ እየቆየ ይነሳል።

አልነሳ ካለ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። ስድስት ወር ቆሞ ባትሪው አለ ብላችሁ አትመኑ። ቴስተር ያዙና ለኩ። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቻርጅ አድርጉና ከዚያ ተመለሱ። ባትሪው ደህና ከሆነ ፊውዙን እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። ፊውዙም ደህና ከሆነ ማብሪያውን አብርታችሁ ፓምፑ ጋ ባሉት ሁለት ሽቦዎች ላይ ለኩ። 12 ቮልት እየደረሰው የማይነሳ ከሆነ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ካልደረሰው መንገድ ላይ ቀርቷልና ማብሪያውንና የሽቦውን መጋጠሚያ ፈትሹ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጸባይ። ይጮኻል፣ ውሃ የለም። ታንኩ ውስጥ ውሃ መኖሩን በዓይናችሁ አይታችኋል? ግድግዳው ላይ ያሉትን መብራቶች አትመኑ፣ እነሱ ብዙ ጊዜ ይዋሻሉ። ውሃ ካለ ወደ ፓምፑ ውረዱ። ከፓምፑ በፊት ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ አለ፣ ከእሱ ላይ አንዲት አጭር ቱቦ ወጥታለች። በጥቅምት ያችን ቱቦ የአንቲፍሪዙ ጋሎን ውስጥ ነክራችሁ ፓምፑ እንዲስብ አድርጋችሁ ነበር። ቫልቩ ወደ እሷ እንደዞረ ከቀረ ፓምፑ ዛሬም የሚስበው በእሷ በኩል ነው፣ አየር! ፓምፑን አብሩና ጣታችሁን የቱቦዋ አፍ ላይ አድርጉ። ጣታችሁን ሳብ ካደረገችው ተገኘ። ቫልቩን ወደ ታንኩ አዙሩት፣ አለቀ።

አንድ ቤተሰብ በዚህች ቫልቭ ምክንያት ፓምፕ ቀይሯል። አዲሱም እንደ አሮጌው ጮኸ። «የሸጡልኝ የተበላሸ ነው» ብሎ መልሶ ሌላ አመጣ፣ ያም ጮኸ። ሦስት ፓምፕ አንድ ዓይነት ብልሽት ይኖረዋል? አይኖረውም። ቫልቮቹን እዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ቫልቩ ደህና ከሆነስ? ከፓምፑ አፍ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ክዳን ያላት ማጣሪያ አለች። ክዳኗን ጠምዝዛችሁ አውጡ፣ ወንፊቷን እጠቡ፣ የላስቲክ ቀለበቷን እዩ። ደርቃ ወይም ተጣማ ከሆነ አየር ታስገባለች። ክዳኑ ራሱ በብርዱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ አዙራችሁ እዩት። ስትመልሱት በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ በፒንሳ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መንገድ የሚሳብ መንገድ ነው። ቀዳዳ ቢኖርበት ውሃ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባበታል። ስለዚህ «ደረቅ ነው፣ አያፈስም» ብላችሁ አትለፉት። ደረቅ ሆኖም ቀዳዳ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመግቢያውን ቱቦ ከፓምፑ ላይ ንቀሉና አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ፓምፑን አብሩ። ጣታችሁን የፓምፑ አፍ ላይ አድርጉ። አልስብ ካለ ውስጡ ያሉት የላስቲክ መዝጊያዎች ደርቀው ተጣብቀዋል፣ ወይም ውስጡ ቀርቶ የነበረ ውሃ ቀዝቅዞ ጭንቅላቱን ሰንጥቆታል። አሁን ፓምፕ መግዛት ትችላላችሁ። ከዚህ በፊት አይደለም።

ሦስተኛው ጸባይ እየቆየ መነሳት ነው። ይህ በራሱ ሦስተኛው ነጥቤ ነው፣ የሚያፈስበትን ቦታ ማግኘት።

ፓምፑ ብዙውን ጊዜ 55 ፒኤስአይ አካባቢ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ከቆመ በኋላ ዝም ማለት አለበት። ሌሊት ተኝታችሁ ድርርር ብሎ ዝም፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ድርርር ካለ ግፊቱ በአንድ ቦታ እያመለጠ ነው። «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያች ጠብታ ምንጣፉ ሥር ገብታ የወለሉን ጣውላ ታበሰብሳለች፣ የምታውቁት እግራችሁ ሲሰምጥ ነው።

እንዴት ትፈልጓታላችሁ? ሰዓት ያዙ። በየስንት ደቂቃው ነው የሚነሳው? ከዚያ ቦይለሩ ጀርባ ሄዳችሁ የቀዝቃዛውን መግቢያና የማዞሪያውን ቫልቭ፣ ውሃው ቦይለሩን ዘሎ የሚያልፍበትን፣ ሁለቱንም ዝጉ። አሁን ሙቁ መስመር ተለይቷል። የለካችሁት ደቂቃ አልፎም ፓምፑ ዝም ካለ ጥፋቱ ሙቁ መስመር ላይ ነው። አሁንም ከተነሳ ቀዝቃዛው ላይ ወይም ፓምፑ ራሱ ላይ ነው። ፍለጋችሁ በግማሽ ቀነሰ።

ከዚያ ደረቅ ሶፍት ያዙ። መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን በጨርቅ አድርቁ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ሶፍቱን በእያንዳንዱ ዙሪያ አስኪዱ። ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍት ያየዋል። ከመጸዳጃው ጀርባ ያለችውን የውሃ ቫልቭ አስቀድሙ፣ በብርድ ቶሎ ከሚሰነጠቁት አንዷ ናት። ቀጥሎ የውጭውን ሻወር፣ የፓምፑን ጭንቅላት፣ የማጣሪያውን ጎጆና የማቀዝቀዣውን የበረዶ መስመር።

ያልኳችሁ ዕቃ ይቺው ናት። ጎሚቶ፣ ቱቦ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ፣ ግማሽ ኢንች፣ ፕላስቲክ። ቅርብ ያላችሁ እዩና አሳልፉ። ስንጥቁ ታየ? ከክርናዋ በውስጥ በኩል፣ ፀጉር የሚያህል። በእጅ ብትዳስሱት አይሰማም። 50 ፒኤስአይ ሲሰጣት ግን እንደ መርፌ ቀጭን አድርጋ ትረጫለች። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነጩ፣ ቀዩና ሰማያዊው ፔክስ የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይለጠጥና መልሶ ይሰበሰባል፣ ብርድን ብዙ ጊዜ ይችላል። ጎሚቶዋ ግን መለጠጥ አታውቅም። ስለዚህ ስትፈልጉ በረጅሙ ቱቦ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ መታጠፊያና መገናኛውን ፈልጉ።

መጠገኑ ከባድ አይደለም። ቱቦውን በቱቦ መቁረጫ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሰያፍ የተቆረጠ ያፈሳል። በግፊት ብቻ የሚገባ የግማሽ ኢንች መጋጠሚያ ግዙ። ከቱቦው ጫፍ አንድ ኢንች ያህል በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ምልክቱ ጋ እስኪደርስ ግፉት። ምልክቱ ጋ ካልደረሰ አልገባም፤ ዛሬ ይይዛል፣ መንገድ ላይ ሲናጥ ይለቃል።

ሁሉም ደረቅ ሆኖ ፓምፑ ግን የሚነሳ ከሆነ ወደ ውጭ ውጡና የጎማውን መግቢያ ክፈቱ። እዚያ ውስጥ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቼክ ቫልቭ አለች። ፓምፑ ሲሠራ ከእሷ የሚንጠባጠብ ከሆነ እሷ ናት። ተጠንቀቁ፤ በመስመሩ ውስጥ ግፊት እያለ መሐል ያለችውን አዝራር በጣት አትጫኑ፣ የላስቲክ ቀለበቷ ከቦታዋ ይወጣል። መጀመሪያ ፓምፑን አጥፍታችሁ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አውጡ።

ሌላም አለ። በጎማ ውሃ እየተጠቀማችሁ ታንኩ በራሱ እየሞላ ከሥር ቢፈስ የፓምፑ ቼክ ቫልቭ ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው፣ ወይም የታንክ መሙያው ቫልቭ በደንብ አልተዘጋም። የፓምፑን መግቢያ ቱቦ ንቀሉና ጎማውን ክፈቱ፤ ከፓምፑ አፍ ውሃ ከመጣ ጥፋተኛው ታወቀ። ጎማውን ስታስገቡ ደግሞ ያለ ግፊት መቀነሻ አታስገቡ፣ ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ ይበቃል። የአንዳንዱ ካምፕ ግፊት ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

አራተኛው ቦይለሩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቦይለሩ በውሃ መሙላቱን ሳታረጋግጡ የኤሌክትሪኩን ማብሪያ አትንኩ። ደግሜ እላለሁ፦ ሳይሞላ አትንኩ! ኤለመንቱ፣ ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ዘንግ፣ በደረቁ ከበራ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። በአንዳንዱ ላይ ከውጭ ክዳኑ ሥር ሌላ ትንሽ ጥቁር ማብሪያ አለች፣ እሷንም አጥፏት። ልጅ በስህተት ከውስጥ ቢያበራ ያድናችኋል።

ከቦይለሩ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቫልቮች አሉ፦ የቀዝቃዛው መግቢያ፣ የሙቁ መውጫ፣ በመካከላቸው ደግሞ ማዞሪያው። በብርዱ ጊዜ መግቢያና መውጫው ይዘጋሉ፣ ማዞሪያው ይከፈታል፤ አንቲፍሪዙ ቦይለሩን እንዳይሞላ። ለአገልግሎት ግልባጩ ነው፤ ሁለቱ ይከፈታሉ፣ ማዞሪያው ይዘጋል።

ሰው ለምን ይረሳዋል? ትክክለኛው አሠራር ራሱ ያስረሳል። መጀመሪያ አንቲፍሪዙን የምታጥቡት ቫልቮቹ በብርዱ አቀማመጥ እንዳሉ ነው፤ ያለዚያ ሮዙ ቦይለር ውስጥ ይገባና ሲያወጡት መከራ ነው። እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ሻወሩንም መጸዳጃውንም፣ ቀለሙና አረፋው እስኪጠፋ ታፈሳላችሁ። ቫልቮቹ የሚዞሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ደክሞታል፣ ምሳ ቀርቧል፣ ይረሳዋል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ «ቫልቭ» ብላችሁ ጻፉበት።

መሙላቱን በምን ታውቃላችሁ? ሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። ባዶ የነበረ ባለ 6 ጋሎን ቦይለር ለመሙላት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ ያስላል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አዲስ አበባ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው እንዴት እንደሚያስል ታውቁታላችሁ፣ እንደዚያ ነው። ሙቁ ቧንቧ ሳያስል ወዲያው ከወረደ ግን ደስ አይበላችሁ። ውሃው ቦይለሩን ዘሎ በማዞሪያው እየመጣ ነው።

ሙቁ ለብ ብሎ ከቀረ የሚጠረጠረው አሁንም ማዞሪያው ነው፤ በከፊል ከተከፈተ ቀዝቃዛው ይቀላቀላል። ማዞሪያው ተዘግቶም ለብ ያለ ከሆነ የውጭውን ሻወር እዩ። ሁለቱ ቧንቧዎቹ ክፍት ሆነው የሻወሩ እጀታ ላይ ብቻ ከተዘጋ ሙቁና ቀዝቃዛው እዚያ ይገናኙና ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር ይገባል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነው። ቀዝቃዛው በኃይል እየመጣ ሙቁ ከየትም ካልመጣ ደግሞ የመውጫው ቫልቭ ተዘግቷል፣ ወይም እዚያ ያለች ቼክ ቫልቭ በኖራ ተጣብቃለች።

በጋዝ የሚያሞቅ፣ በኤሌክትሪክ የማያሞቅ ከሆነ ኤለመንቱን ጠርጥሩ። ብሬከሩን አጥፉ፣ ሽቦዎቹን ከኤለመንቱ ላይ አውጡ፣ በቴስተር ኦም ለኩ። በ120 ቮልት የሚሠራ ባለ 1440 ዋት ኤለመንት 10 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል።

የቦይለሩን ቡሽ በተመለከተ፦ ሰበርበን የሚባለው የቦይለር ዓይነት የብረት ታንክ ስላለው ቡሹ ላይ ዝገትን በራሱ ላይ የሚወስድ ዘንግ አለው፣ በ1 ከ1/16 ኢንች ቁልፍ ይፈታል። ዘንጉ ሦስት አራተኛው ተበልቶ ከሆነ ቀይሩት። አትዉድ የሚባለው የሌላው ዓይነት ታንክ አሉሚኒየም ነው፣ ዘንግ የለውም፣ ቡሹ ፕላስቲክ ነው፣ በብረት አትተኩት። ሁለቱንም ቴፍሎን ጠቅልላችሁ መልሱ። ቡሹን ከመፍታታችሁ በፊት ቦይለሩ ጠፍቶ መቀዝቀዙን፣ ግፊቱም መውጣቱን አረጋግጡ፤ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይመጣል።

በረኪናው። የሚለወጠውን ማጣሪያ ከጎጆው ውስጥ አውጡ። ለእያንዳንዱ 15 ጋሎን የታንክ መጠን ሩብ ኩባያ ተራ በረኪና፣ ሽታ ያልተጨመረበት፣ «አይረጭም» ተብሎ ያልወፈረ። ባለ 45 ጋሎን ታንክ ሦስት ሩብ ኩባያ ይወስዳል። ይህ ልክ 5.25 በመቶ ለሆነው ነው፤ ጠርሙሱ ላይ 8.25 የሚል ከሆነ ለዚሁ ባለ 45 ጋሎን ታንክ ግማሽ ኩባያ ይበቃዋል። በአንድ ጋሎን ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ ታንኩን ሙሉ፣ የበረኪናው ሽታ በየቧንቧው እስኪወጣ በሙቁም በቀዝቃዛውም ክፈቱ። ለ4 ሰዓት ያህል አቆዩት። ከዚያ አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ደግማችሁ አፍስሱ። ሽታውን ለማጥፋት ብሎ ኮምጣጤ የሚጨምር አለ፤ በረኪናው ተጠርጎ ሳይወጣ በፍጹም! ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ አርቪ ደግሞ ጠባብ ነው።

ሙቁ ውሃ ብቻ የገማ እንቁላል ከሸተተ የቦይለሩ ነገር ነው፤ ባክቴሪያው ከዘንጉ ጋር ተገናኝቶ የሚያመጣው ሽታ ነው። በረኪናው ቦይለሩ ውስጥም ገብቶ ሰዓቱን ይቆይ፣ ከዚያ በቡሹ በኩል አፍስሱት።

ፓምፑን ከነማጣሪያዋና ከባለ ሦስት መንገዱ ቫልቭ ጋር እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ባትሪውም ተያይዟል። ቡናው እስኪፈላ እየመጣችሁ ቱቦዋ ላይ ጣታችሁን አድርጉና ስትስብ ይሰማችሁ። ጎሚቶዋ ማን ጋ ደረሰች? አሳልፏት እንጂ! ስለ አዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።